ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ አዲስ ከርነል ሲያስቸግር ወደ አሮጌው መመለስ

ባለፈው ክረምት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የጓደኛዬ ልጅ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አራት ቀን ቀርቷታል። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ ሞተብኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ኡቡንቱ የሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓት ነው። ጠዋት ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ፤ ባትሪው ከደከመ ቆይቷልና ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ ብትከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ቀጥ አለ። ሰፈሯ ያለ ጥገና ቤት ብትወስደው «ፎርማት መደረግ አለበት» ተብላ ተመለሰች።

ፎርማት በብዙ ጥገና ቤቶቻችን እንደ ዳማከሴ ነው፤ ለሁሉም ሕመም ይታዘዛል። እርግጥ ኮምፒውተሩ ይነሳል። የአራት ዓመት ፋይል ግን አብሮ ይሄዳል። ልጅቷን የጠየቅኋት አንድ ነገር ነበር፦ ከታች በኩል ያሉት መስመሮች ምን ይላሉ? ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። ከርነል ፓኒክ የሚል አለ፣ የሥርዓቱ እምብርት መቀጠል አቅቶት ቆመ ማለት ነው፤ ዋናውን የፋይል ሥርዓት መክፈት አልተቻለም፣ ያለበት መሣሪያም አይታወቅም የሚል አለ፤ መጨረሻ ላይ በቅንፍ የታጠሩ ሁለት ዜሮዎች። ዜሮዎቹን ስሰማ እፎይ አልኩ። ይህ መልእክት ከማሻሻያ በኋላ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረው ከርነልም እዚያው ዲስኩ ላይ ተቀምጦ የሚጠራውን ይጠብቃል።

ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ነው። ሜሞሪውን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ ዲስኩን የሚያነበው፣ ከዋይፋዩ፣ ከስክሪኑና ከኪቦርዱ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው እሱ ነው። በጥብቅ ትርጉሙ ካየነው «ሊኑክስ» የሚለው ስም ራሱ የከርነሉ ስም ነው፤ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፎ ይፋ ያደረገው እሱን ነበር። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ የምንላቸው በዚያ ከርነል ዙሪያ የተገነቡ ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሃርድዌር ድራይቨሮች (ሥርዓቱን ከየመሣሪያው ጋር የሚያነጋግሩ ፕሮግራሞች) ከርነሉ ውስጥ ስላሉ በእያንዳንዱ አዲስ እትም በሺዎች ለሚቆጠሩ የመሣሪያ ዓይነቶች የተጻፈ ኮድ ይነካካል። የእርስዎን ላፕቶፕ ሞዴል፣ ከእርስዎ የዋይፋይ ካርድ ጋር፣ ማንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አልሞከረው ይሆናል።

አሁን ዋናው ነጥብ። ሌላ ፕሮግራም ሲሻሻል አዲሱ በአሮጌው ቦታ ይተካል፤ የትናንቱ ፋየርፎክስ ዛሬ የለም። በኡቡንቱ፣ በዴቢያንና በፌዶራ ግን አዲሱ ከርነል የሚቀመጠው ከአሮጌው ጎን ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ምክንያቱ ስሙ ላይ ነው። የእትሙ ቁጥር የጥቅሉ (ፕሮግራሙ ታሽጎ የሚመጣበት ፋይል) ስም አካል ስለሆነ ጥቅሎቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም 6.8.0-45ንና 6.8.0-47ን እንደ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ያያቸዋል፤ አንዱ መጣ ብሎ ሌላውን አያባርርም። ፌዶራ በመደበኛ ቅንብሩ ሦስት ያቆያል። ኡቡንቱ አሁን እየሠራ ያለውንና የቅርቦቹን ትቶ የቆዩትን ያጸዳል።

ይህን ለማረጋገጥ ቡት የተባለውን ፎልደር ከፍቶ ማየት ነው። ለእያንዳንዱ እትም ቢያንስ ሁለት ፋይል ያገኛሉ። «ቪኤምሊኑዝ» ብሎ የሚጀምረው ከርነሉ ራሱ ነው። «ኢኒትአርዲ» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ ስንቁ ነው፤ ከርነሉ ገና ዲስኩን መክፈት በማይችልበት ሰዓት የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ቋጥሮ ይይዛል። ስንቁ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰናዳው በማሻሻያው መጨረሻ አካባቢ ነው። የልጅቷ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነበር፤ ከርነሉ ደረሰ፣ ስንቁ ሳይቋጠር መብራት ሄደ። አዲሱ ከርነል ባዶ እጁን ተነስቶ ዲስኩ በር ላይ ቆመ።

ከከርነሉ በፊት የሚነሳ ግረብ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የትኛው ከርነል እንዲነሳ የሚመርጠው እሱ ነው። ኡቡንቱ ብቻውን በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ግረብ ራሱን ስለሚደብቅ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። እንዲታይ ለማድረግ የቆየ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራ የአምራቹ ፕሮግራም) ባለው ኮምፒውተር ሲበራ ጀምሮ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው፤ የባዮስ ተተኪ የሆነው ዩኢኤፍአይ ባላቸው አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ የአምራቹ ምልክት ሊጠፋ ሲል ኤስኬፕን አንዴ መንካት። አንዴ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደንግጠው ደጋግመው ከነኩት ዝርዝሩን አልፎ ባዶ የትእዛዝ መስመር ላይ ይጥልዎታል፤ ያኔ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ልጅቷ በሦስተኛ ሙከራዋ ተሳካላት።

ዝርዝሩ ሲመጣ ሁለተኛው መስመር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ይላል። እሱን ሲከፍቱ ከርነሎቹ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ተደርድረው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ ደግሞ ሪከቨሪ ሞድ የሚል ተጨምሮበት። ከላይ ያለውን አዲሱን አልፎ ከሱ የሚቀጥለውን ቁጥር፣ ሪከቨሪ የማይለውን መርጦ ኢንተር መጫን። በቃ። ዴስክቶፑ ሲከፈትና ጽሑፏ ያለበት ፎልደር ሲታያት የሰማሁትን እልልታ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

አሮጌውን ያስነሳነው ግን ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ነገ ጠዋት ሲበራ ግረብ እንደ ልማዱ አዲሱን ያነሳል። ስለዚህ አሮጌው ከርነል ላይ ሆነን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማጣራት አለብን፤ መፍትሔው እንደ ጥፋተኛው ይለያያልና። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ትእዛዞች ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኔ እንደሚነበቡ አስቀምጣቸዋለሁ።) በመጀመሪያ የትኛው ከርነል ላይ እንዳሉ ያረጋግጡ፤ «ዩኔም» ብሎ «ሰረዝ አር» ማከል ቁጥሩን ያወጣል። ቀጥሎ ያልተሳካው አነሳስ ላይ ከርነሉ ምን እንዳለ መስማት ነው፦ «ጆርናልሲቲኤል፣ ሰረዝ ኬ፣ ሰረዝ ቢ፣ ሰረዝ 1» የቀደመውን አነሳስ መዝገብ ያሳያል። ከርነሉ ዲስኩን ሳይከፍት የወደቀ ከሆነ ግን የሚጽፍበት ቦታ ስላልነበረው መዝገቡ ውስጥ ምንም አያገኙም። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል። እኔ ይህን ካልኩ በኋላ ብዙ ሰው ፎቶ የሚልክልኝ ከላይ ያለውን ግማሽ ብቻ ቆርጦ ነው፤ የሚያስፈልገው የታችኛው ነው።

የልጅቷ ጉዳይ በጣም ቀላሉ ዓይነት ነው፤ ከርነሉ ጤነኛ ሆኖ አጫጫኑ መንገድ ላይ ተቋርጧል። «ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ሰረዝ ኤ» በግማሽ የቀሩትን ጥቅሎች ይጨርሳል። ስንቁ አሁንም ካልተሠራ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» በ«ሰረዝ ሲ፣ ሰረዝ ኬ» ከእትሙ ሙሉ ቁጥር ጋር ተሰጥቶት ይሠራዋል፤ ከዚያ የግረብን ዝርዝር የሚያድሰው «አፕዴት-ግረብ»። ሁሉም በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ በማግስቱ አዲሱ ከርነል ላይ ስትሠራ አደረች። መብራት ሳይጠፋም ይህ ችግር ሊመጣ ይችላል። ዲስካቸውን ሲያመሰጥሩ ቡት ለብቻው ትንሽ ክፍል የተመደበለት ሰዎች ያ ክፍል በአሮጌ ከርነሎች ሲሞላ ስንቁ ቦታ አጥቶ ይቀራል። «ዲኤፍ፣ ሰረዝ ኤች» ስንት እንደቀረ ይነግራል።

ሁለተኛው ዓይነት ኮምፒውተሩ ተነስቶ አንድ ነገር ሲጎድል ነው። ዋይፋዩ ጠፍቷል፣ ወይም ስክሪኑ ፊደሉን እንደ ጡብ አግዝፎ ያሳያል። እዚህ የሚጠረጠሩት ከርነሉ ውስጥ የማይኖሩት ድራይቨሮች ናቸው፤ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች፣ የአንዳንድ ብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች፣ የቨርቹዋልቦክስ። እነዚህ ለእያንዳንዱ ከርነል እንደ አዲስ መሠራት አለባቸው። ሥራውን የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ነው፤ አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ድራይቨሩን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራዋል። ከርነሉ የውስጥ አሠራሩን ሲቀይርና የድራይቨሩ ኮድ የቆየ ሲሆን ግን ሥራው ይከሽፋል። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብለው ድራይቨሩ በአሮጌው ቁጥር አጠገብ ተጭኗል ተብሎ በአዲሱ አጠገብ ከሌለ ተገኘ ማለት ነው። ዋይፋይ የጠፋበት ሰው መፍትሔውን ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የጠፋው ራሱ ነው። አሮጌውን ከርነል አንስቶ ማውረድ፣ ወይም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የሞባይል ዳታ መጠቀም ይቻላል።

ሦስተኛው ከርነሉ ራሱ ሲሳሳት ነው። ቶርቫልድስ የተጠቃሚውን ፕሮግራም የሚሰብር ለውጥ አይገባም የሚል ጠንካራ ሕግ አለው፤ ያም ሆኖ ስሕተት ያልፋል። በደንብ የማስታውሰው እ.ኤ.አ. የዲሴምበር 2023ቱን የዴቢያን ጉዳይ ነው። ዴቢያን 12.3 ዲሴምበር 9 ቀን ሊወጣ ተዘጋጅቶ ሳለ ውስጡ ያለው ከርነል 6.1.64 ኤክስት4 በሚባለው የፋይል ሥርዓት ላይ ውሂብ እንደሚያበላሽ ታወቀ። ኤክስት4 ደግሞ ዳር ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ የአብዛኛው ዴቢያን ተጠቃሚ ፋይል የሚቀመጥበት ነው። መነሻው እርማት ነበር፤ ለአዲሶቹ ከርነሎች የተሠራ አንድ የኤክስት4 ማስተካከያ ወደ አሮጌው የ6.1 ቅርንጫፍ ሲቀዳ አብሮት መሄድ የነበረበት ሌላ ማስተካከያ ኋላ ቀረ። ሁለቱ አብረው ጤነኛ ናቸው። አንዱ ለብቻው ሲሆን፣ በተወሰነ የአጻጻፍ ዓይነት፣ ፋይሉ ውስጥ የት ድረስ እንደተጻፈ የሚያመለክተው ጠቋሚ በአግባቡ ወደፊት አይሄድም።

ዴቢያን እትሙን አቁሞ በማግስቱ 12.4ን በከርነል 6.1.66 አወጣ። በዚህ አላበቃም፤ 6.1.66 ደግሞ አንዳንድ ሰዎች ዋይፋይ ላይ ችግር አመጣና 6.1.67 መከተል ግድ ሆነ። በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው «ዩኔም፣ ሰረዝ አር» ብሎ ሲያይ የሚወጣለት 6.1.0-14 የሚል ነበር። 64 የሚለው ቁጥር ስለሌለ ከአደጋው ነጻ ነኝ ብሎ ተኛ። ዴቢያን የጥቅሉን ስም የሚቆጥረው በራሱ ቁጥር ነው፤ 6.1.0-14 ማለት በትክክል 6.1.64 ነበር። ትክክለኛው ቁጥር የሚታየው በ«ሰረዝ አር» ፋንታ «ሰረዝ ቪ» ሲባል ነው። ወደ 6.1.0-13 የተመለሱት ደህና ሆኑ፤ ግን ከመመለሳቸው በፊት ተበላሽቶ የተጻፈ ፋይል ካለ ያንን ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር የሚመልሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻም የኡቡንቱ 17.10 ከርነል በአንዳንድ የሌኖቮና ሌሎች ላፕቶፖች ላይ የባዮስ ቅንብሩን እንዳይቀየር አድርጎ ቆልፎ ነበር፤ ጉዳቱ ከዲስኩ ውጭ ስለነበር ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው እንደገና የጫኑ ሰዎች እንኳ አልዳኑም። ማውረጃው ለጊዜው ተነስቶ በጃንዋሪ 2018 ታርሞ ተመለሰ።

ጥፋቱ የከርነሉ ሆኖ እርማቱ እስኪመጣ መጠበቅ ካለብን አሮጌው በየቀኑ እንዲነሳ ማድረግ ያስፈልጋል። ኢቲሲ የሚባል ፎልደር ውስጥ፣ ዲፎልት በሚባለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ግረብ የሚል ፋይል አለ። «ግረብ_ዲፎልት» የሚለው መስመር ላይ ዜሮ ተጽፎ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያውን አንሳ ማለት ነው። በየመድረኩ የሚሰጠው ምክር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ «1>2» ብላችሁ ጻፉ የሚል ነው፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ከዋናው ዝርዝር ሁለተኛውን ክፈት፣ ከውስጡ ሦስተኛውን አንሳ እንደማለት ነው፤ ሦስተኛው የቀደመው ከርነል ይሆናል። ይሠራል፤ ሌላ ከርነል እስኪጫን ድረስ። አዲስ በመጣ ቀን ሰልፉ አንድ ደረጃ ይገፋና «1>2» ያ የሸሹት ከርነል ላይ ያርፋል። በቁጥሩ ፋንታ የዝርዝሩን ስም እንዳለ መጻፍ ይሻላል። ከለውጡ በኋላ «አፕዴት-ግረብ» ካልተባለ ምንም አይለወጥም። ፌዶራ ላይ ያለ ሰው ከዚህ ሁሉ ያርፋል፤ «ግረቢ፣ ሁለት ሰረዝ ሴት-ዲፎልት» ብሎ የከርነሉን ፋይል መስጠት ይበቃዋል።

ማሻሻያውን ማገድ ላይ አንድ ስሕተት ተደጋግሞ አያለሁ። ሰዎች «አፕት-ማርክ ሆልድ» ብለው የሚወዱትን ከርነል ሙሉ ቁጥር ይሰጣሉ፤ በሳምንቱ አዲስ ከርነል ሲመጣ ይገረማሉ። ቀደም ብለን እንዳየነው አዲሱ በሌላ ስም ነው የሚመጣው፤ ያገዱት ስም የማይንቀሳቀሰውን ነው። መታገድ ያለበት ቁጥር የሌለው ጥቅል ነው፦ «ሊኑክስ-ጀነሪክ»፣ «ሊኑክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ»ና «ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ»። እነዚህ ራሳቸው ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሥራቸው አዲስ ከርነል በወጣ ቁጥር ጎትቶ ማምጣት ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ስማቸው መጨረሻ «ኤችደብልዩኢ» እና የኡቡንቱው እትም ቁጥር አለበት፤ የትኛው እንዳለዎት ሳያዩ አያግዱ።

ሲያግዱም የሚያነሱበትን ቀን ወረቀት ላይ ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ይፋ የሆነው ደርቲ ፓይፕ የሚባለው የደኅንነት ቀዳዳ ከ5.8 ጀምሮ ባሉ ከርነሎች ላይ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር። ከዚያ በፊት ከእነዚህ ከርነሎች አንዱ ላይ አግዶ የረሳ ሰው ዛሬም ክፍት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውን ለተባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ ኡቡንቱ 16.04 ላይ የወጣው 4.4.0-108 አንዳንድ ኮምፒውተሮችን እንዳይነሱ አድርጎ 4.4.0-109 ወዲያው መተካት ነበረበት። በዚያ ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ለጥቂት ቀን ወደ አሮጌው ተመልሶ 109 እንደመጣ መቀጠል ነበር፤ ወር ሙሉ መቆየት አልነበረም።

የተበላሸውን ከርነል ማራገፍ ግዴታ አይደለም፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ካራገፉት ጥቅሎቹን የሚያስተዳድረው አፕት አብሮ የሚያራግፈውን ዝርዝር ሳያነቡ «አዎ» አይበሉ፤ ብዙ ጊዜ ያ ባዶው «ሊኑክስ-ጀነሪክ» አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ምንም ቅሬታ ሳያሰማ ከርነል መቀበል ያቆማል።

አርች ሊኑክስ የሚባለውን፣ እንደ ኡቡንቱ በዚያው ከርነል ዙሪያ የተገነባ ሌላ ሥርዓት የሚጠቀሙ እስካሁን የተባለው አይመለከታቸውም። እዚያ አዲሱ ከርነል አሮጌውን ይተካል፤ የአሮጌው ሞጁሎችም (እንደ ድራይቨር ያሉ ሲያስፈልጉ የሚጫኑ ክፍሎቹ) አብረው ስለሚጠፉ ዳግም እስኪነሳ ድረስ አዲስ ፍላሽ ሲሰኩ ላያውቀው ይችላል። መመለሻው ቫር በሚባለው ፎልደር ውስጥ ካለው የፓክማን (የአርች ጥቅል አስተዳዳሪ) ማከማቻ የቀደመውን ጥቅል አውጥቶ «ፓክማን፣ ሰረዝ ትልቁ ዩ» ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካልተነሳ ከማስነሻ ፍላሽ ገብቶ። ልምድ ያላቸው አርቾች «ሊኑክስ-ኤልቲኤስ» የሚባለውን ሁለተኛ ከርነል ጎን ለጎን ጭነው ይቀመጣሉ።

የቀረው እግዱን አንስቶ አዲሱን መሞከር ነው። ኮምፒውተሩ ፊትዎ ካለ ግረብ ላይ በእጅ መምረጥ ይበቃል። ኪቦርዱ በማይደረስበት ቦታ ያለ ሰርቨር ከሆነ ግን «ግረብ-ሪቡት» አለልዎ፤ የሰጡትን ከርነል ለሚቀጥለው አንድ አነሳስ ብቻ ያዛል፤ እንዲሠራ «ግረብ_ዲፎልት» ላይ «ሴቭድ» ተብሎ መጻፍ፣ አሮጌው ከርነልም በ«ግረብ-ሴት-ዲፎልት» መመዝገብ አለበት። ለአዲሱ ከርነል ማስነሻ መስመር ላይ «ፓኒክ=10» ቢጨመር ደግሞ ከርነሉ በፓኒክ ሲወድቅ አሥር ሰከንድ ቆይቶ ራሱ እንደገና ይነሳል፤ አንዱ ዕድል ስላለቀ በዚያ ዙር የሚነሳው አሮጌው ነው። እኔ ሰርቨር ላይ ይህን ሳላዘጋጅ ዳግም ማስነሳት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የተውኩት ሰርቨሩ ያለበት ሕንፃ ለእሑድ ተቆልፎ፣ የጥበቃውን ሠራተኛ በስልክ እየለመንኩ ካደርኩባት ሌሊት በኋላ ነው።